የጠራሁት ስሙን ነው

ዳንግላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአጎቴና ለአስተማሪዬ ለመሪጌታ አሥራተ ማርያም
ሰቆጣ

የኔታ፣ ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ጉልበትዎስ ተሻለው ወይ? አክስቴ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ልጅዎ እህቴ ወለተ ሐና፣ ጎረቤቱም ከብቱም በሰላም ከረሙ? እኔ በጸሎትዎ ተጠብቄ ደህና ነኝ።

በመምህርነት ከተመደብኩበት ከዚህ ከጎጃም አገር ከደረስኩ ወር ሆነኝ። አራተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። አገሩ ለምለም ነው፤ ዝናቡ እስካሁን አልተወንም። ለሆዴ የሚጎድለኝ የለም። ግራ ያጋባኝ ሌላ ነገር ነው፤ ቢስቁብኝም ልንገርዎ።

ደሴ ስማር ጓደኞቼ አነጋገሬን ሰምተው «ትግሬው» ይሉኝ ነበር። አዲስ አበባ ለምደባ ስሄድ ደግሞ ወረቀቴ ላይ ጠቅላይ ግዛቱን አይተው «ወሎዬው» አሉኝ፤ «ወሎዬ ከሆንክማ ዝፈንልን» ብለው ሳቁብኝ። እዚህ ስመጣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ባልደረባዬ «አገው» አለኝ። አገው መሆኔን አልክድም፤ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው። እርሱ ሲናገረው ግን ስም አይመስልም፤ ከአፉ የሚተፋው ነገር ይመስላል። ጠመኔ ብረሳ፣ መዝገብ ብሳሳት «ምን ታደርጉታላችሁ፣ አገው አይደል!» ይላል፤ ሌሎቹም ይስቃሉ።

ዳንግላ ዙሪያው አገው ነው ሲሉኝ ጊዜ ዘመድ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። በገበያ ቀን ማር ከሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ፊት ቆሜ በእኛ ቋንቋ ሰላምታ አቀረብኩ። አፍጥጠው አዩኝ። በራሳቸው ቋንቋ መለሱልኝ፤ ከተናገሩት ሁሉ የውሃን ስም ብቻ የለየሁ መሰለኝ። ደግሜ ስሞክር በአማርኛ «አንተ ልጅ፣ አገው አይደለህም። ለምን ታሾፍብናለህ?» ብለው ማራቸውን ሸፈኑ።

የኔታ፣ እንግዲህ እኛ ምንድን ነን? አማራው አገው ይለኛል፤ አገው ደግሞ አይደለህም ይለኛል።

የተከራየሁት ቤት የባላምባራስ ምንዋጋው ነው። ጨዋ ሰው ናቸው። ልጃቸው ይግዛው ድሬሰር ነው፤ የሰቆጣ ጤና ጣቢያ ተመድቦ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ እርሱ ነው። አገሩን አያውቅም፤ እንደ እኔ ይዩልኝ። እህቱ ጥሩሐረግ ስንቁን ስታሰናዳ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው።

ልጅዎ ደርቤ


ሰቆጣ፣ ኅዳር 29 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለደርቤ

የአባቶችህ አምላክ በወጣህበት ይከተልህ፣ በገባህበት ያስከብርህ። ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው። ጉልበቴ እንደ ሰማዩ ነው፤ ሲጠቁር ያመኛል፣ ሲጠራ ይተወኛል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ያመጣው ልጅም ደርሷል፤ ቤት አግኝቷል። ጨዋ ይመስላል።

ስለ ጠየቅኸኝ ነገር፤ አንተ የዋግ ሰው ነህ። የሚሉህን ተዋቸው። ሕፃን ሳለህ ያስጠናሁህን የአባቶችህን ስም ቁጠር፤ ሰው ማንነቱ ከጠፋበት እርሱን ነው የሚቆጥረው። ማር ሻጩ ሽማግሌ ግን እኔንም ግራ አጋቡኝ። አባቶቻችን የዚያ አገር አገዎች ዘመዶቻችን ናቸው ይሉ ነበር። ዘመድ ከሆኑ እንዴት አይሰሙንም? ብዙ አሰብኩበት፤ አልተፈታልኝም።

አንድ ነገር ግን ቅር አሰኝቶኛል። ልጁ ጎጃሜ መሆኑን እያወቅህ «እንደ እኔ ይዩልኝ» ብለህ ላክኸው። እኔስ ግድ የለኝም። አክስትህ ግን የጎጃም ሰው ቡዳ ነው ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። በመጣ ዕለት ምሳ አቀረበችለት፤ እርሱ መብላት ሲጀምር እርጎውን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። ወለተ ሐናንም ከፊቱ አስነስታ «ውሃ ቅጂ» ብላ ሰደደቻት፤ እንስራው ግን ሙሉ ነበር። ልጁ አይቷል። አይቶ እንዳላየ ሆኖ «እጅዎ ይባረክ» ብሎ ወጣ። ወለተ ሐና እናቷን ተቆጥታ ሁለት ቀን አኮረፈች።

እኔ እንዲህ ባለው ነገር አላምንም። ቢሆንም እስቲ ጠይቅልኝ፤ የአባቱ አባት ማን ነበሩ? በዘራቸው እጀ ጠቢብ አለ ይባላል ወይ? ይህን የምልህ አክስትህ ልቧ እንዲያርፍ ብዬ ነው።

የዚያ አገር ማር መልካም ነው ይባላል። ብታገኝ ላክልኝ። ለጎረቤት ግን ከአዲስ አበባ የመጣ ነው እላለሁ።

አጎትህ አሥራተ ማርያም


ዳንግላ፣ የካቲት 2 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ የኔታ

ጾሙን በደህና ያስጀምርዎ። ማሩን በነጋዴ ልኬአለሁ፤ ደህና ደርሶ ከሆነ ይጻፉልኝ።

የጠየቁኝን ጥያቄ ለባላምባራስ ላቀርብ አልቻልኩም። ምክንያቱም እርሳቸው ቀደሙኝ። አሁን እንግዲህ እስካሁን ያልነገርኩዎን ልንገርዎ፤ ለጥሩሐረግ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ባላምባራስ አስጠሩኝ።

«አንተ ደግ ልጅ ነህ» አሉኝ። «ነገር ግን አገርህ ሩቅ ነው፤ አጥንትህን አናውቅም። የአገው አገር ሰው ደግሞ... አንተን ማለቴ አይደለም፤ ሰው ይላል።»

«ምን ይላል?» አልኳቸው።

«እንጃ። ይላል።»

«ባላምባራስ፣ እዚሁ በደጅዎ ያሉት አገዎች አይደሉም ወይ?»

«እነርሱማ የእኛ ናቸው፤ እናውቃቸዋለን። አንተን ነው የማናውቅህ።»

እንዲህ ያሉኝ ሰው ባለፈው ሳምንት አንድ የአገሬው አገው ልጅ የእህታቸውን ልጅ ቢጠይቅ በውሻ ያባረሩ ናቸው። እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ መለየት አቃተኝ።

የኔታ፣ እባክዎ የአባቶቼን ስም ዘርዝረው፣ ንጹሕ ዘር መሆኔን መስክረው ይጻፉልኝ። ባላምባራስ የካህን ቃል ያከብራሉ።

ሌላው፣ ይግዛው ለእህቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፈው። «ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ብቻዬን እበላለሁ» ይላል። ጥሩሐረግ ሁለተኛውን ነገር ትርጉሙን ጠየቀችኝ። የሚያበስልለት ሰው አላገኘም ማለት ነው አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ።

ልጅዎ ደርቤ


ዳንግላ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1957 ዓ.ም.

የኔታ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ከኅዳር ወዲህ አንድ ቃል አልደረሰኝም። ይህን የምጽፍልዎ በችኮላ ነው።

ከወልድያ የመጣ አንድ ሾፌር ባሕር ዳር ላይ ለባላምባራስ ዘመድ «ዋግ ውስጥ አንድ ጎጃሜ ሐኪም በድንጋይ አባረሩ» ብሎ አወራ። የሐኪሙን ስም አያውቅም። አንዱ ሞተ ይላል፤ ሌላው አመለጠ ይላል። ባላምባራስ እህል አልቀምስ ብለዋል። እኔን ባዩ ቁጥር «አገርህ ልጄን ምን አደረገው?» ይሉኛል። እኔ ምን ላውቅ? ትምህርት ቤት ያ ባልደረባዬ እንኳ አይቀልድብኝም፤ ቀልዱን ሲያቆም የባሰ ፈራሁ።

የምስክሩን ነገር ይተዉት። ይግዛው በሕይወት አለ ወይ?

ደርቤ


ሰቆጣ፣ ግንቦት 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ልጄ ደርቤ፣

በሕይወት አለ። ሰላምታውን እንኳ ሳላስቀድም ይህን እጽፍልሃለሁ፤ ለአባቱ ሩጠህ ንገር። አምደወርቅ ነው ያለው፤ እዚያ ጤና ጣቢያ ሥራ ሰጥተውታል።

አሁን ደግሞ የሆነውን ስማ። ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥቼ መልሼ አስቀምጬአለሁ።

በሁዳዴ ወለተ ሐናን ንዳድ ያዛት። ይግዛው መጥቶ መርፌ ወጋት፤ ክኒን ሰጥቶ «ነገ እመለሳለሁ፤ ክኒኑን እንዳታቆሙ» ብሎ ሄደ። በማግሥቱ ሲመጣ አክስትህ በሩን አልከፈተችለትም። እኔ ደብር ነበርኩ። ትኩሳቱ ባሰባት። ልጅቱ መቃዠት ጀመረች።

የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ጢስ አጨሱባት። «ማን ነው የበላሽ? ስሙን ተናገሪ!» ይሏታል። እኔም በዚህ መሐል ደረስኩ። «ተዉአት፣ ታፍናላችሁ» እያልኩ ሳለ ወለተ ሐና ዓይኗን ገለጠችና «ይግዛው» አለች። እንደገናም «ይግዛው» አለች። ሴቶቹ ጩኸቱን አቀለጡት።

የገበያ ቀን ነበር። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ፣ እኔ ከቤቴ ወጥቼ ወደ ልጁ ቤት እስክደርስ ሕዝቡ ቀድሞኛል። በሩን በድንጋይ ይደበድባሉ። እኔን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ። «ዝም በሉ፣ የኔታ ይናገሩ» አሉ። መስቀሌ በእጄ ነው። ደርቤ፣ ቃል አጣሁ። ሐሰት ነው ልበል? የልጄ አፍ ነው የተናገረው። እውነት ነው ልበል? እንደዚያማ አላምንም። እዚያው ቆምኩ። ዝም ስል ጊዜ ዝምታዬን ፈቃድ አደረጉት።

አንድ ፖሊስ ይግዛውን ክንዱን ይዞ አወጣው። ግንባሩ ተፈንክቶ ነበር። በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመና «የኔታ፣ ክኒኑን አላቆማችሁም አይደል?» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ወሰዱት።

ቤቴ ገብቼ፣ አክስትህ ሳታይ፣ የቀረውን ክኒን ለልጅቱ ሰጠኋት። ዳነች። ከተማው ቡዳው ስለተባረረ ዳነች ይላል፤ አክስትህም እንዲሁ። እኔ ስለ ክኒኑ ለማንም አልተናገርኩም።

ወለተ ሐና ወደ ልቧ ስትመለስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ይግዛው ለምን ሳይመጣ ቀረ? ስጠራው ነበር እኮ» ብላ ነው።

እነርሱ አጋለጠችው ይላሉ። እርሷ ጠራሁት ትላለች። ስሙ አንድ ነው፤ አጠራሩም አንድ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እኔ እንዴት ልለየው እችል ነበር? አንተ ተምረሃል፤ ታውቅ እንደሆነ ጻፍልኝ።

አጎትህ አሥራተ ማርያም


ዳንግላ፣ ሰኔ 30 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ የኔታ

ወለተ ሐናን የማራት አምላክ ይመስገን። ለጥያቄዎ መልስ የለኝም።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ወደ ባላምባራስ ሮጥኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥሩሐረግ በሩ ላይ ቆማለች።

«አለ፤ ደህና ነው» አልኳቸው።

በተቀመጡበት አማተቡ። ከዚያ «ምን አድርጎ ነው?» አሉኝ።

«ምንም።»

«በምንም ሰው በድንጋይ አይመታም። ምን አሉት?»

ነገሩን ላልፈው ሞከርኩ። እርሳቸው ግን አልተውኝም። «ቡዳ አሉት» አልኩ።

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ያልሰሙኝ ይመስል «ማንን?» አሉ።

«ይግዛውን። የጎጃም ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው ይላሉ።»

«ቡዳ እኮ...» አሉና በእጃቸው ወደ ወንዙ ማዶ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ወደሚኖሩበት አመለከቱ። «ቡዳ እኮ እነዚያ ናቸው። እኛ ነን እንጂ የምንላቸው! እኛን ማን ይለናል?» ሳቁ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ። «ዋግ ብቻ ነው እንዲህ የሚለን?»

«ደሴም ስማር ሰምቻለሁ።»

«ሸዋስ?»

«ሸዋም።»

«ስታውቅ ነው ቤቴ የተቀመጥከው?»

«አዎ።»

«ከእኔ ጋር ስትበላ ፈርተህ ታውቃለህ?»

የኔታ፣ እውነቱን ልንገርዎ። የመጀመሪያው ሰሞን ፈርቼ ነበር። ለእርሳቸው ግን አልነገርኩም። «ፈርቼ አላውቅም» አልኩ። ባላምባራስ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ አጥንቴ ጠይቀውኝ አያውቁም። ስለ ሌላም ነገር አላናገሩኝም።

ጥሩሐረግ ተከትላኝ ወጣች። «ሰቆጣ ብትወስደኝ አክስትህ አብራኝ ትበላለች?» አለችኝ። አዎ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እርጎው ላይ የተጣለው የአክስቴ ነጠላ ትዝ አለኝ። እርሷም «እኔስ እዚህ ገበያ ላይ 'አገው አገባች' ሲሉኝ ምን እመልሳለሁ?» አለች። ዝናቡ ጀመረ፤ እርሷ ወደ ቤት ገባች፣ እኔም ወደ ቤቴ።

እምቢም እሺም አላለችኝም። ስንተላለፍ ሰላም ትለኛለች። ስሜን ነው የምትጠራው። ይህን እንደ ተስፋ ልቁጠረው ወይስ አልቁጠረው?

የኔታ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ወደ አምደወርቅ ይሂዱልኝ። ደብዳቤ አይበቃም፤ ራስዎ ይሂዱ።

ልጅዎ ደርቤ


ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልጄ ደርቤ፣ እጅህ የነካው ይባረክ፤ የተናገርከው ይሰማ።

መልሱ ዘግይቷል። ክረምቱ ወንዞቹን ሞልቶ አላሳልፍ አለኝ፤ ይህ እውነት ነው። ወንዞቹ ከጎደሉም በኋላ ግን ተቀምጫለሁ፤ ይህም እውነት ነው። መስቀል ሲያልፍ ወለተ ሐና «አንተ ካልሄድክ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለችኝ። በቅሎውን ጫንኩ።

አምደወርቅ ስንደርስ ይግዛው በሽተኛ ያያል። ሰው በግድግዳው ጥግ ተሰልፎ ተቀምጧል። እኛም ከኋላ ተቀመጥን። ተራችን ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ። እንደማንኛውም ሰው «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለኝ።

ይቅርታ ልጠይቀው መንገዱን ሁሉ ቃል ሳዘጋጅ ነበር የሄድኩት።

ወለተ ሐና «አባቴ አልታመመም። የመጣሁት እኔ ነኝ» አለች። ሰዉ ሁሉ ይሰማል። «ያን ቀን የጠራሁት ስምህን ነው። በላኝ አላልኩም። ስምህን ነው የጠራሁት።»

«ለምን?» አላት።

«አላውቅም። ሌላ ስም አልመጣልኝም።»

ይግዛው መርፌውን የያዘበትን ሳህን አስቀመጠው። ወደ እኔ ዞሮ «የኔታ፣ ይቅር ብያለሁ። ሰቆጣ ግን አልመለስም» አለኝ። ምንም ሳልለው ይቅር አለኝ። ተነሥተን ወጣን። ልጄ በበቅሎው ላይ እንዳለች ወደ ኋላ አልዞረችም፤ አላለቀሰችምም። ነገሩ አበቃ ብዬ ነበር።

በኅዳር ማለቂያ ሦስት ሽማግሌዎች ከአምደወርቅ መጡብኝ። አንደኛው ይግዛው ልጁን ያዳነለት ሰው ነው። ወለተ ሐናን ለይግዛው ጠየቁ። አክስትህ ጓዳ ገብታ ዋይ አለች። እኔ የሰባት ቤት ዘሩን አልጠየቅኩም። ልጄን ጠየቅኋት፤ እሺ አለች። ሰጠሁ።

አክስትህ ሰንብታ ወጣች። «ልጄን ካልበላት ጥሩ ሚስት ትሆነዋለች» አለች። ምርቃት ይሁን እርግማን አላወቅሁም። አሁን ግን ጠላውን እየጠነሰሰች ነው፤ ከቀድሞው የበለጠ ጋን ነው የደረደረችው።

ደብሩ ግን ተለወጠብኝ። የማስተምራቸው ተማሪዎች ሳልፍ ይንሾካሾካሉ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዱ ከኋላዬ «ጎጃሜው መጣ» ሲል ሰማሁ። ዞርኩ፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ሰቆጣ ተወልጄ፣ ሰቆጣ ሸበትኩ። አንድ ቀን ጎጃም አልረገጥኩም። ቃሉ ስድብ አለመሆኑን ለራሴ ነገርኩት፤ የአገር ስም ነው። ቢሆንም ቤቴ ገብቼ እራቴን መብላት አቃተኝ። ለምን እንዳቃተኝ አላወቅሁም።

ለባላምባራስ ምንዋጋው ለብቻ ጽፌአለሁ። ጥሪዬን ተቀብለው ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ቢቀሩም አልቀየማቸውም። ጥሩሐረግን የወንድሟ ሠርግ ነውና ይዘሃት ና ልልህ አስቤ፣ በምን ስም ይዘሃት እንደምትመጣ ስለማላውቅ ትቼዋለሁ። እንደሚሆንላችሁ ሁኑ።

ሠርጉ ጥር 15 ነው። ዳስ የሚጥሉት ጎረምሶች ትናንት መጥተው «የኔታ፣ ለስንት ሰው እናድርገው?» አሉኝ። ማን እንደሚመጣ አስቤ መቁጠር ጀመርኩ። ጎረቤቶቼን አሰብኩ፤ ካህናቱን አሰብኩ፤ የዳንግላን መንገድ አሰብኩ። ማንን ከየት እንደምቆጥር ጠፋኝ። ከበራፌ ጀምሬ ከታች እስካለው ግራር ድረስ በእጄ አሳየኋቸው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ትልቁ «የኔታ፣ ይህን ያህል ሰው የሚመጣ ይመስልዎታል?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት። «እናንተ ጣሉት።»

አጎትህ አሥራተ ማርያም